የንስሐ አባቴ የተከሰሱ ጊዜ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል አንገቷን አስግጋ፣ «እንዲያው ትርንጎ፣ ‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል› ይላሉ፤ አንቺን አይቆጭሽም?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳቅሁና፣ «የሚበላ መቼ አመጡልኝና» አልኳት። ዋሽቻታለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የወረዳ ዳኛ ነበርኩ፤ የሚበላማ መጥቶልኛል። በግ በገመድ ተስቦ መጥቷል፣ ማር በቅል ተሞልቶ መጥቷል፣ አማላጅ ነጠላውን አጣፍቶ መጥቷል። መምጣቱ አይገርመኝም። ሰው ሳይቀየም እንዴት እንደምንመልሰው ነው ዛሬ ቁጭ ብዬ ሳስበው የሚገርመኝ። ላስታ ውስጥ የቀረበልህን አልቀምስም ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

የተወለድኩት ፍላቂት ነው። አባቴ ገብስ አራሽ ነበር፤ በልጅነቴ ከአንድ ጎረቤቱ ጋር በድንበር ተካሶ ተረታ። ያን ዕለት ከፍርድ ቤት ሲመለስ እናቴ፣ «እንዴት ሆነ?» ስትለው፣ «ተፈረደብኝ፤ ዳኛው ግን ሰምቶኛል» አላትና ታጥቦ ራቱን በላ። እኔን ነገሩ አልለቀቀኝም። የተረታ ሰው እንዴት እህል ይወርድለታል? ‹በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች› ሲባል እሰማ ነበር፤ የገባኝ ግን የዚያን ቀን አባቴን አይቼ ነው። ዳኛው ምን ቢያደርግለት ነው እንዲህ የሆነው ብዬ ማሰብ ጀመርኩ፤ ሕግ እስክማር ድረስም ይህንኑ ሳስብ ኖርኩ።

መጀመሪያ የተመደብኩት ቆላ ወረዳ ነው። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃል፤ ሪፖርቱም እንደ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ሪፖርት ነው፤ ስለ ሁለቱም ብዙ የምለው የለኝም። ሥራውን የተማርኩት ወደ ላሊበላ ተዛውሬ ጋሼ ተገኘን ሳገኝ ነው።

ጋሼ ተገኘ ያን ጊዜ የፍርድ ቤታችን ፕሬዚዳንት ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ለምንም ነገር የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ሰው ሲከራከር ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። መጀመሪያ ላይ እንቅልፋም መስለውኝ አፍሬላቸው ነበር። አንድ ቀን ደፍሬ ስጠይቃቸው፣ «ዓይኔን ከገለጥኩ የለበሰውን አያለሁ። አንዱ ነጭ ጋቢ ደርቧል፣ አንዱ የተቀደደ ኮት ለብሷል፤ ልብሱም በበኩሉ ይከራከረኛል» አሉኝ።

ዋናው ብልሃታቸው ግን ሌላ ነው። ከሳሽ ተናግሮ ሲጨርስ ተከሳሹን ቶሎ መልስ አይጠይቁትም። «መጀመሪያ እሱ ያለውን ንገረኝ» ይሉታል። ከሳሹ «አዎ፣ እንዲያ ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ ያስደግሙታል። ከዚያ በተራው ከሳሹ የተከሳሹን ቃል ይናገራል። የነገሩ ግማሽ ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ያልቃል፤ የሰውን ቃል አጣሞ የሚደግም ሰው የራሱንም ሲያጣምም ይያዛል። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይሉኝ ነበር። ይህን አሠራር በሥነ ሥርዓት ሕጉ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። «የት ተማሩት?» ብላቸው፣ «ከሚስቴ ነው። ስንጣላ እንዲህ ታደርገኛለች» አሉኝ።

በወር አንድ ጊዜ ብልባላ ወጥተን እናስችል ነበር። ተዘዋዋሪ ችሎት ይባላል፤ ባለጉዳዩ ከሚንከራተት ዳኛው ወደ እሱ ይሂድ ነው ነገሩ። መኪና ሲገኝ በመኪና፣ ሲጠፋ መዝገቡን አህያ ላይ ጭነን በእግራችን እንሄዳለን። ጋሼ ተገኘ ቀጠሮውን ሁልጊዜ ረቡዕ ወይም ዓርብ ያደርጉታል። እኔ ደግሞ ምክንያቱን ካላወቅሁ አይበርድልኝም። የገበያ ቀን ቢሆን ሰው ለገበያውም ለችሎቱም በአንድ መንገድ ይመጣ አልነበረም? ስጠይቃቸው፣ «ትደርሺበታለሽ» ብቻ ይሉኛል።

ደረስኩበት። አንድ ወር በዓል ሆኖብን ችሎቱ ማክሰኞ ዋለ። ገና ሰፈሩ ሳንገባ ሰው ከየደጁ ይወጣል። «ግቡ እንጂ፣ እህል ሳትቀምሱማ አታልፉም!» አንዱ እጄን ይዞ ይጎትታል፤ ተከሳሽ ነው። ሌላዋ ሌማት ይዛ መንገድ ላይ ቆማለች፤ የከሳሽ እህት ነች። አልቀምስም ብንል ቤታቸውን ናቅን፤ ብንቀምስ ደግሞ የማንን ቀምሰን የማንን እንተዋለን? ጋሼ ተገኘ ላብ በላብ ሆነው ዞር ብለው አዩኝ። ረቡዕና ዓርብ ግን ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቅመሱ የሚለን የለም፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እኛ ጨርሰን መንገድ ላይ ነን። ማንም አይቀየምም፤ እንዲያውም «ጿሚ ናቸው» ተብለን እንመሰገናለን።

«በሃምሳው ጊዜስ? ያኔ እኮ ጾም የለም» አልኳቸው፣ እንደ ማፋጠጥ አድርጌ። «ሃምሳው መዝገብ የማጣራበት ጊዜ ነው፤ ከቢሮ አልወጣም» አሉ። ፈገግታቸውን ግን መደበቅ አልቻሉም።

አንድ አመል ግን ነበራቸው፣ እኔ የማልወድላቸው። ብልባላ ላይ ችሎት ሳይከፍቱ ካባቸውን ለብሰው ይቆሙና ያለፈውን ወር ለሕዝቡ ይነግራሉ። «እግሬን አሞኝ የአቶ ደምሌ በቅሎ እስከ ወንዙ አድርሳኛለች። የወይዘሮ ብርቄ ልጅ የባለቤቴ እህት የክርስትና ልጅ ነው። በዚህ ምክንያት ጉዳዬን አትይብኝ የሚል ካለ አሁን ይናገር» ይላሉ። ሰው ይስቃል። አንዳንዱ ጉዳይ ሳይኖረው ዳኛው የት እንደዋሉ ለመስማት ብቻ ይመጣል። እኔ አፍር ነበር። የተከበረ ችሎት የጓዳ ወሬ የሚወራበት መሰለኝ።

ከዕለታት አንድ ቀን ቢሯቸው ቁጭ ብለን አንድ ሹም ስልክ ደወለ። ነገሩ በቀጠሮ ላይ ስላለ አንድ መዝገብ መሆኑ ከመልሳቸው ገባኝ። «ጌታዬ፣ ትንሽ ይቆዩኝ፤ ያሉትን መዝገቡ ላይ እንድትጽፈው ጸሐፊዋን ልጥራት» አሉ። ወዲያ ማዶ ስልኩ ተዘጋ። ጥቂት ቆይቶ የዝውውር ደብዳቤ መጣላቸው፤ ምክንያቱ ‹ለሥራ ቅልጥፍና› ይላል። ከስልኩ ጋር ይገናኝ አይገናኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። «አልከፋዎትም?» አልኳቸው ዕቃ ሲያስጭኑ። «እንዴት አይከፋኝ? ከፍቶኛል» አሉ። «ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለ ስልክ መጀመሪያ የተደወለልኝ ጊዜ ግን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር። ትናንት ተኝቼ አደርኩ።»

እሳቸው ሲሄዱ ብዙውን ልማዳቸውን ያዝኩ። ረቡዕና ዓርብን ያዝኩ፣ የባላጋራን ቃል ማስደገሙን ያዝኩ። ያንን በሕዝብ ፊት መለፈፉን ግን ተውኩት። በእሱ ፈንታ የሕጉን አጭር መንገድ ወሰድኩ፤ ከተከራካሪ ጋር የሚያቀራርበኝ ነገር ካለ ዝም ብዬ ከችሎት እነሳለሁ፣ ሌላ ዳኛ ይቀመጣል። ንጹሕ አሠራር ነው ብዬ አምን ነበር።

ወይዘሮ ዝማም የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። የብልባላ አካባቢ ባላገር ነች፤ ባሏ ሞቷል፣ ልጇ ወልድያ ነው፣ በሬ የላትም። ደጇ ላይ ያለውን የገብስ መሬት እኩል እንዲያርሱላት ለአንድ ቄስ ሰጠች። ሁለት መኸር እኩሌታውን ሰጧት፤ በሦስተኛው ቀረ። ስትጠይቃቸው፣ «ባልሽ ሲያርፍ ተናዞ ለነፍሱ ሰጥቶኛል። ፍታቱንም ተዝካሩንም ያወጣሁት እኔ ነኝ» አሏት። እሷ ይህን ከባሏ አፍ አልሰማችም። መሬቷ ከክረምት በፊት ካልተመለሰላት ቤቷን ዘግታ ወልድያ ልጇ ላይ ከመጠጋት ሌላ ምንም አልቀራትም። «የሰው ቤት ጥግ ላይ ተቀምጬ ልሙት?» ብላለች በክሷ ላይ፤ ክሱን የጻፈላት ሰው እንዳለ ነው የገለበጠው።

ተከሳሹ ቄስ ሞላ የንስሐ አባቴ ናቸው። ላሊበላ ከገባሁ ጀምሮ የውስጤን የማወራው ለእሳቸው ነው። እናቴ ስትሞት ፍላቂት ድረስ ሄደው ፍታቷን ያደረሱልኝ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ መዝገቡ እጄ እንደገባ ተነሳሁ። ለባልደረባዬ ተመራ፤ እሱም ተነሳ። ለሦስተኛው ተመራ፤ እሱም ተነሳ። ነገሩ የሚያስቅ ነው፤ ሁለቱም ወደ ላሊበላ ሲዛወሩ «የንስሐ አባት ማንን ልያዝ?» ብለው የጠየቁት እኔን ነው፤ እጃቸውን ይዤ ወደ ቄስ ሞላ የወሰድኳቸውም እኔ ነኝ። ባለጉዳይዋን ማንም ምንም አላላት። ከፍተኛው ፍርድ ቤት መዝገቡ በፍላቂት እንዲታይ አዘዘ። የተጣራ ሥራ ሠራን ብለን ፋይሉን አሽገን ላክን።

የቀጠሮዋ ዋዜማ እኔም በአጋጣሚ ለወንድሜ ልጅ ሠርግ ወደ ፍላቂት እየሄድኩ ነበር። ጋሸና ከላሊበላው መኪና ወርጄ ወደ ፍላቂት የሚያልፍ ስጠብቅ፣ ከከባድ መኪኖቹ መቆሚያ አጠገብ፣ ምግብ ቤቱ በረንዳ ላይ ወይዘሮ ዝማምን አየኋት። መጥሪያዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ተቀምጣለች። ያቺ ሴት ከብልባላ ተነስታ ነው እዚህ የደረሰችው። «እንደምን ዋልሽ፣ ልጄ» አለችኝ። አጎንብሼ ሰላም አልኳትና ራቅ ብዬ ቆምኩ። ሚኒባሶቹ ሞልተው ነው የሚያልፉት። በመጨረሻ የማውቀው ሰው ፒክ አፕ ይዞ መጣ፤ ከሾፌሩ አጠገብ ሁለት ቦታ ነበር።

ብዙ አሰብኩ። ከችሎት የተነሳሁት ለቄሱ እንዳላዳላ ነው፤ ዛሬ ከሳሿን አሳፍሬ ፍርድ ቤት በር ላይ ባወርዳትስ? ያየ ሰው ምን ይላል? ለእሷ አድልታ ነው ለካ አይልም? የእሷ ዳኛ ባልሆንም ዳኛ ነኝ። ተሳፈርኩ፤ ጎኔ ያለው ቦታ ባዶውን ሄደ። ስናልፍ ዝማም እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ መኪናውን ታይ ነበር።

በማግስቱ የደረሰችው ችሎቱ ካለፈ በኋላ ነው። ከሳሽ ስትቀር መዝገቡ ይዘጋል፤ ሕጉ ነው። እንደገና ማስከፈት ይቻላል፤ ክረምቱ ግን አይጠብቅም። ያን ዓመት መሬቱን የቄሱ ልጆች ዘሩት፣ እነሱው አጨዱት። ይህን ስሰማ አባቴ ትዝ አለኝ። ዝማም አልተረታችም፤ ተረትታ ቢሆን እንኳ ይሻል ነበር። ጭራሽ የሰማት የለም። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያዘንኩበት ጊዜ የለም። ንዴቴንም የማሳርፍበት አጣሁ፤ ሁላችንም ደንቡን ነበር የጠበቅነው።

ክረምቱ እንዳለፈ ለዳኞች ሥልጠና ተጠራን። ሆቴሎቻችን ቱሪስት ከራቃቸው ወዲህ አዳራሻቸውን በርካሽ ያከራያሉ፤ በመስኮቱ ገደሉን እያየን ተቀመጥን። አሠልጣኙ ከከተማ የመጣ ወጣት ነው፤ ርዕሱ ዓለም አቀፍ የዳኝነት ነጻነትና የዳኞች ሥነ ምግባር መርሆዎች የሚል ነው። ነጻነት፣ ገለልተኝነት፣ ሐቀኝነት፣ ጨዋነት፣ እኩል ማየት፣ ብቃትና ትጋት፤ አንድ በአንድ አስረዳን። ጨዋነት ላይ ሲደርስ ጋሼ ተገኘ ጾም ቀን እየመረጡ ብልባላ የሚወጡት ነገር ትዝ አለኝና ለብቻዬ ሳቅሁ።

ዳኛ የሚነሳባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር እጄን አወጣሁ። «ዘመድ ይላል፣ የንግድ ሸሪክ ይላል፣ ቀድሞ የተሟገተለት ሰው ይላል። የንስሐ አባትን የት ነው የጻፉት?» አልኩት። አዳራሹ ሳቀ። ልጁ አልሳቀም፤ ይህን ወደድኩለት። «በስም የለም» አለ። «ግን ከውጭ የሚያይ ጨዋ ሰው ሊጠራጠር ይችላል ወይ ተብሎ ነው የሚለካው።»

«እሺ፣ በወረዳው ያሉት ዳኞች ሁሉ የአንድ አባት ልጆች ከሆኑስ?»

ወረቀቱን ገለባበጠ። ከዚያ አንድ አንቀጽ አሳየኝ። ጉዳዩን የሚያይ ሌላ ዳኛ የማይገኝ ከሆነ፣ ወይም ነገሩ አስቸኳይ ሆኖ ዳኛው ቢነሳ ፍትሕ ክፉኛ የሚጓደል ከሆነ፣ ዳኛው የግድ መነሳት የለበትም ነው መንፈሱ። ከዚያው አጠገብ ደግሞ ዳኛ የሚያቀራርበውን ነገር ለተከራካሪዎች በግልጽ ይንገራቸው፣ እነሱም ይስማሙ እንደሆነ ይጠየቁ የሚል አለ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወረቀቱን የጻፉት ላስታን በካርታ እንኳ አያውቋት ይሆናል። ከመካከላቸው አንዱ ግን እንደኛው ሰው ሁሉ የሚተዋወቅበት፣ ዳኛ የማይበዛበት ትንሽ አገር ሰው መሆን አለበት። ካልሆነ ይህ ከየት ይመጣለታል? ማን እንደሆነ፣ ምን ገጥሞት እንደሆነ ለማወቅ ዛሬም እጓጓለሁ። ጋሼ ተገኘ ብልባላ ላይ ቆመው የሚለፍፉት ነገር ምን እንደነበረም ያኔ ገባኝ። እኔ መነሳቱን ይዤ መጠየቁን ነበር የጣልኩት።

ዝማም ክሷን እንደገና አቀረበች። እኔ ልያዘው አልኩና በብልባላ ተዘዋዋሪ ችሎት ቀጠርኩት፤ ዓርብ ቀን። ባልደረቦቼ «እብድ ነሽ» አሉኝ። ሌሊቱን አልተኛሁም ብል ማጋነን ነው፤ ግን ጎህ ሳይቀድ ነቅቼ መዝገቡን ደግሜ አነበብኩት።

ችሎቱ የሚቀመጥበት የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። ቄስ ሞላ ጋቢያቸውን አጣፍተው በአንድ ወገን፣ ዝማም ምርኩዟን ይዛ በሌላ ወገን ቆመዋል። ካባዬን ለብሼ ተነሳሁ።

«ችሎት ሳልከፍት የምነግራችሁ አለ» አልኩ። «ተከሳሹ ቄስ ሞላ የንስሐ አባቴ ናቸው። የእናቴን ፍታት ያደረሱት እሳቸው ናቸው። ባለፈው በዚህ ምክንያት ተነስቼ ነበር። የተነሳሁት ግን ከሳሿን ምንም ሳልጠይቅ ነው። ከዚህ ቅርብ የሚያይላት ሌላ ዳኛ የለም።» ከዚያ ወደ እሳቸው ዞርኩ። ለብቻቸው ሄጄ እንዳልነግራቸው ተከራካሪ ናቸው፤ ከሰው ፊት ሌላ ቦታ አልነበረኝም። «አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝና ከንስሐ ልጅነት ያሰናብቱኝ።»

ቄስ ሞላ ጋቢያቸውን መልሰው አጣፉ።

«አላሰናብትሽም» አሉ። «ልጅ አይሰናበትም። ግን ያ ካባ ከላይሽ እስኪወርድ መስቀሌን አላወጣልሽም። ነገም፣ ከርሞም። ሲወርድ ትመጫለሽ። እኔ እጠብቅሻለሁ።»

ቀጥዬ ወደ ዝማም ዞርኩ። «ወይዘሮ ዝማም፣ እንደሰሙት ነው። ‹አትዪብኝ› የማለት መብት አለዎት። ካሉኝ እነሳለሁ፤ አልቀየምም።»

ዝማም ምርኩዟን ወደ ግራ እጇ አዛወረች።

«ልጄ፣ እኔስ የማን ልጅ ነኝ?» አለች። «የኔም የንስሐ አባቴ እሳቸው ናቸው። ባሌም የሳቸው ነበር። እዚህ ቆመው ከምታያቸው እኩሌታው የሳቸው ነው። ታዲያ እኔ መክሰሱ ካላቃተኝ፣ አንቺን መፍረዱ እንዴት ያቅትሻል?»

ሦስት ዳኞች በየተራ የሸሸነውን ነገር ያቺ ሴት ብቻዋን ተሸክማው ኖሯል። አንዳችን እንኳ ጠይቀናት ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ትነግረን ነበር።

ተቀመጥኩና ችሎቱን ከፈትኩ። ዝማም ነገሯን ተናገረች። ከዚያ እንደ ጋሼ ተገኘ፣ «አባ፣ መጀመሪያ እሷ ያለችውን ይንገሩኝ» አልኩ።

ቄስ ሞላ ነገር አዋቂ ናቸው፤ የሰው ቃል ሲሰሙ ነው የኖሩት። «ደጄ ላይ ያለውን መሬት በሬ ባጣ ለእኩል ሰጠሁ ትላለች። ሁለት መኸር ደረሰኝ፣ በሦስተኛው ቀረብኝ ትላለች። ባሌ ሲሰጥ እኔን አልጠየቀኝም፣ አንቱም ሲቀበሉ አልጠየቁኝም ትላለች…» እዚህ ላይ ድምፃቸው ወረደ።

«እንዲያ ነው?» አልኳት።

«እንዲያ ነው» አለች። ቄስ ሞላም በተራቸው የራሳቸውን ቃል ተናገሩ።

«አሁን እርስዎ ደግሞ የሳቸውን ይንገሩኝ።»

«ፍታቱን እኔ አድርሻለሁ፣ ተዝካሩን እኔ ደግሻለሁ ይላሉ» አለች ዝማም። «እውነታቸውን ነው። ያን ጊዜ ከሳቸው በቀር የደረሰልኝ ሰው የለም። ባሌም ሲታመም መሬቱን ለነፍሴ ብሎኛል ይላሉ። ይሆናል፤ ይወዳቸው ነበር። መሬቱ ግን የሱ ብቻ አልነበረም።»

ሕጉም ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። ይዞታው በባልና ሚስቱ ስም ነው፤ አንዱ ብቻውን፣ ያውም በቃል፣ አንስቶ ሊሰጠው አይችልም። ምስክር ሰማሁ፣ መሬት አስተዳደሩን ጠየቅሁ፣ መሬቱ ለዝማም ይመለስ ብዬ ወሰንኩ። «ይግባኝ የማለት መብት አለዎት» አልኳቸው። «አውቀዋለሁ» አሉ። ይግባኝ አላሉም።

ሰው ሲበተን እንደ ልማዱ መስቀል ሊሳለም ከበባቸው። እጃቸው ወደ ጋቢያቸው እጥፋት ከገባ በኋላ ቀና ብለው ወደ እኔ አዩና መልሰው ባዶውን አወጡት። ካባዬን ለብሼ እዚያው ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ሰውም ግራ ገብቶት ቆመ። ዝማም ናት መሐል የገባችው።

«አንቱ፣ እኔ ካባ የለብኝም» አለቻቸው። «ያሳልሙኝ።»

አሳለሟት። በዚያ ክረምት መሬቷን የዘራላት ወልድያ ያለው ልጇ መጥቶ ነው፤ የቄሱን በሬዎች እንደተዋሰ ሰምቻለሁ፤ አልጠየቅሁም፣ የእኔ ጉዳይ አይደለም።

ከዚያ ወዲያ ዓመታት ሠራሁ። ሌላ የንስሐ አባት አልያዝኩም፤ አላሰናበቱኝማ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ቄስ ሞላ መስቀል እያሳለሙ ሲመጡ ዞር ብዬ ግንቡን እስም ነበር። ሰው የተጣላን መሰለው። ያስለቀሰኝ ቀን አለ፤ ወላጅ አባቴ ሲሞት በተለይ። ለቄስ ሞላ መንገር የምፈልገው ነገር ነበረኝ፣ ግን በዚያው ሰሞን የደብሩ ካህናት የመሬት ክርክር ችሎቴ ላይ ነበር። ዳኛ ነጻ ይሁን ሲባል ዳኛው የሚያጣውን የሚጽፍ ወረቀት እስካሁን አላገኘሁም። አጥብቄ አልፈለግሁም ይሆናል።

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ካባዬን አጥፌ ለንብረት ክፍል አስረከብኩ። የተቀበለችኝ ልጅ አራገፈችና፣ «ክርኑ ላይ ሳስቷል» አለችኝ። ፈረምኩላትና ወጣሁ። ወደ ቤት መሄድ ነበረብኝ፤ እግሬ ግን ወደ ደብሩ ወሰደኝ። ቄስ ሞላ አርጅተዋል፤ ከዋርካው ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። በድምፄ ሳይሆን በእጃቸው ነው የለዩኝ፤ ትከሻዬን ዳሰሱት፣ ጨርቁን በጣታቸው ፈተሹት።

«አወለቅሽው?» አሉ።

«አወለቅሁት፣ አባቴ።»

እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው እጥፋት ሰደዱ።